አሥራ አንደኛው ክብ

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ ሰው ስለ መተትና ስለ ዓይነ ጥላ ማውራት ሲጀምር ኮፍያዬን አንሥቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ቤሪያ ሰፈር ውስጥ ያለ አበሻ ሁሉ ይመሰክራል። ልጅ ሆኜ፣ አገሬ እስቴ፣ ጎረቤታችን የነበሩት ደብተራ ክታብ ሲጽፉ በአጥር ቀዳዳ አሾልኬ አያቸው ነበር፣ ግን የማየው ጋኔን እንዴት እንደሚወጣ አልነበረም፣ የፍየል ቆዳ እንዴት ብራና እንደሚሆን፣ ጥላሸት እንዴት ቀለም እንደሚሆን ነበር፣ እና እመኑኝ፣ በዚያች በአጥር ቀዳዳ ብቻ ሙያውን ጨረስኩት። ፊደልም የቆጠርኩት ለብቻዬ ነው፣ እንግሊዝኛንም ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው የለቀምኩት። ዛሬ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ጆሃንስበርግ ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈኝ፣ በዚህ ከተማ የመጽሐፍ ቅዱሱ ገበር የለቀቀበት ቄስ፣ የቁርኣኑ ጥራዝ የተበተነበት ሐጂ፣ የሻንጣው ቆዳ የተተረተረበት ሀብታም፣ ሁሉም የሚመጣው እኔ ይርጋ ጋ ነው። ይህ ጉራ አይደለም፣ ጉራ የሚባለው የሌለህን ስታወራ ነው።

ይህን ያልኩት፣ ቀጥሎ የምነግራችሁን የሚነግራችሁ ሰው ተረት ወዳድ አለመሆኑን እንድታውቁ ነው። ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ሁልጊዜ ከጨለማ ነው የሚጀምረው፣ የእኔ ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ መጋረጃው ተገልጦ፣ አጠገቤ ሌላ ምስክር ተቀምጦ ነው።

ኮሮና የገባበት የመጀመሪያው ክረምት ነበር። የዚህ አገር ክረምት ዝናብ የለውም፣ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ብርድ ነው። መንገዱ ላይ ወታደር ይዞራል፣ ሱቁ ግማሹ ተዘግቷል፣ እኔና ባለቤቴ አስካለ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለችው ቤታችን ተከትተን፣ እሷ በስፌት መኪናዋ ማስክ ትሰፋለች፣ እኔ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛዬ ላይ እጠርዛለሁ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማዳም ዲና የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት አይሁዳዊት ነበሩ። ሕንፃው በሙሉ የእነሱ ሰዎች በነበረበት ዘመን ገብተው፣ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ሰሜን ሰፈሮች ሲሄዱ እሳቸው ብቻ የቀሩ፣ ልጃቸው ከአውስትራሊያ በየሳምንቱ "ነይ" ሲላቸው "ሊፍቱ ሲሠራ እመጣለሁ" የሚሉ ሴት ናቸው፣ ሊፍቱ ከሞተ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

አንድ ቀን በምርኩዛቸው ደረጃውን ወጥተው፣ ሁለት ቦታ አርፈው፣ በራችንን አንኳኩ።

"ፕሮፌሰር፣" አሉኝ። አስካለ ፕሮፌሰር የሚሉህ ሲያሾፉብህ ነው ትለኛለች፣ እኔ አይመስለኝም። "ቆዳ አውቃለሁ ትላለህ አይደል? እስቲ ይህን እወቅልኝ።"

የያዙት የቆርቆሮ ቱቦ ነበር። ከውስጡ ጥቅል ብራና አወጣሁ፣ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። ሁለት ቆዳ በጅማት ተሰፍቶ የተቀጠለ ነው፣ ከላይ እስከ ታች ዛፍ የሚመስል ሥዕል አለበት፣ ቅጠል የለውም፣ በቅርንጫፉ ፈንታ አሥር ክቦች ናቸው፣ ክቦቹ በቦይ በሚመስሉ መስመሮች ተያይዘዋል፣ በየክቡና በየቦዩ ውስጥ ጉንዳን የሚያህል የእብራይስጥ ጽሑፍ ሞልቶበታል። የእኛን ክታብ ጠልሰም ያየ ሰው ዘመዱ መሆኑን ያውቃል፣ የእኛው ላይ የሚያፈጥጡት ዓይኖች ብቻ የሉበትም።

"አባቴ ከሊትዌኒያ በመርከብ ይዞት የመጣ ነው፣ እሱም ከአያቱ አግኝቶት" አሉኝ። "የአምላክ መንገድ ካርታ ነው ይል ነበር። ልጄ ላኪልኝ ብሎኛል። መሐሉ ላይ ተቀዷል፣ ቀዳዳውን ስፋልኝ። ከሥዕሉ ግን ጭረት እንዳትነካ።"

እኔ ደግሞ ዓይኔ አንድ ቦታ ላይ አርፎ ነበር። ከላይኞቹ ክቦች ዝቅ ብሎ፣ መካከል ላይ፣ እንደሌሎቹ በመስመር ሳይሆን በነጠብጣብ ብቻ የተከበበ፣ ምንም ያልተጻፈበት አሥራ አንደኛ ክብ አለ።

"ይቺኛዋ ለምን ባዶ ሆነች?"

"ባዶ ስለሆነች ነዋ" አሉ። "አባቴንም ስጠይቀው እንዲሁ ነበር የሚለኝ።"

እሳቸው እንደወጡ እንደ ልማዴ በክር ለካሁት። ክታብ የሚቆረጠው በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው፣ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ይባላል፣ እኔ ባላምንበትም እጄ ለምዶታል። አስካለ ክሩን ስታየኝ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

"ና እስቲ እኔንም ለካኝ፣ አንተ ሰውዬ።"

ክሩን ከአናቷ ለቀቅሁት። ጫፉ ተረከዟ ላይ አረፈ፣ የጣት ያህል እንኳ አልተረፈም፣ አልጎደለም።

"ይኸው!" ብላ ሳቀች። "ሳልወለድ በፊት ነው ለካ የጻፉልኝ!"

እኔም ሳቅሁ። ለምን አልስቅም፣ በዓለም ላይ የእሷን ቁመት የሚያህል ስንት ነገር አለ።

ቀዳዳውን ለመስፋት ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ ደረቅ ብራና በችኮላ አይነካም፣ እርጥብ ጨርቅ አጠገቡ እየሰቀሉ፣ ቀስ በቀስ እንዲላላ እየጠበቁ ነው። ልክ ስጨርስ አስካለ ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ አቧራ ነው አለች፣ በማግስቱ ሽንኩርት እየጠበሰች ሽታው አልመጣልኝም አለች፣ በአራተኛው ቀን ከአልጋ እስከ በር መራመድ አቃታት። አምቡላንስ ጠራሁ። ነጭ የለበሱ ሁለት ልጆች መጥተው፣ ሊፍቱ ስለማይሠራ በወንበር ላይ አስረው፣ አራቱን ፎቅ በደረጃ አወረዷት። ከኋላ ተከተልኩ። ታች ስንደርስ እንዳልገባ ከለከሉኝ፣ እሷም ማስኩን ከአፏ ገለጥ አድርጋ፦

"የስፌት መኪናዬን እንዳትነካካብኝ" አለችኝ፣ እየቆራረጠች። "ሁሉን አውቃለሁ ትልና፣ ትፈታታዋለህ።"

ከዚያ በሩ ተዘጋ። አርባ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል፣ ልጅ አልወለድንም፣ በዚህ ከተማ ከእሷ ሌላ በስሜ የሚጠራኝ ዘመድ የለኝም። ጥየቃ አይፈቀድም፣ በር ላይ መቆም አይፈቀድም። ያለችኝ ስልኬ ብቻ ናት። ሲስተር ኖምሳ የምትባል የዙሉ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጣትና፣ በቀን አንድ ጊዜ ትደውልልኛለች።

"ሳውቦና ባባ። ኦክስጅኗ ዛሬ ሰማንያ ሁለት ነው። ጥሩ አይደለም። ግን ጎጎ ጠንካራ ናት።" ሳውቦና ሰላምታዋ ነው፣ ባባ እኔ ነኝ፣ ጎጎ፣ አያት ማለቷ፣ የምትላት አስካለን ነው።

አንዳንዴ ስልኩን አስካለ አፍ ላይ ታደርግልኛለች፣ መናገር ስለማትችል የምሰማው ትንፋሿን ነው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ረጅሙ መጨረሻው ላይ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጥ የሚል። ይህን ያዙልኝ፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

በአምስተኛው ቀን ኦክስጅኗ ሰባ አራት ሆነ። ስልኩን ዘግቼ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ የማዳም ዲና ብራና ፊቴ ተዘርግቷል፣ ስፌቱ አልቋል፣ ለእጄ የቀረ ሥራ የለም። እና ያቺን ባዶ ቦታ አየኋት።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። የእኛ ክታብ ጻፊ ድግምቱን ሁሉ አስቀድሞ ጽፎ የሰው ስም የሚገባበትን ቦታ ባዶ ይተወዋል፣ ገዢው ሲመጣ የክርስትና ስሙን ጠይቆ ያስገባል። ያንን ከልጅነቴ ጀምሮ በአጥር ቀዳዳ ሳይ የኖርኩ ሰው፣ ባዶ ቦታ ሳይ ምን እንደሆነ አወቅሁ። አወቅሁ አልኩ። አይሁዳዊቷ የማያውቁትን እኔ አወቅሁ፣ አባታቸውም የማያውቁትን እኔ ይርጋ አወቅሁ፣ እንዲህ ነበር ያልኩት። ላምንበት አልነበረም፣ ማል ብትሉኝ እምላለሁ፣ ግን ቁመቱ የእሷ ነበር፣ ቦታው ባዶ ነበር፣ እጄም ሥራ ፈትቶ ነበር። ጥላሸት በጠበጥኩ፣ ብርዕ ቀረጽኩ፣ በነጠብጣቡ ውስጥ በደቃቁ፣ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ሳይሆን እውነቱን ለመናገር እጅግ በሚያምር ፊደል፣ "ወለተ ሚካኤል" ብዬ የአስካለን የክርስትና ስም ጻፍኩ።

በማግስቱ ሲስተር ኖምሳ ደወለች። ሰማንያ ስምንት ነው አለች። በሦስተኛው ቀን ዘጠና አንድ። መድኃኒቱ ያዘላት ማለት ነው አልኩ፣ ማንም አዋቂ ሰው የሚለውን አልኩ።

ድምፁ የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ብራና ይናገራል፣ ይህ ምንም ምሥጢር የለውም፣ አየሩ ሲደርቅ ቆዳው ይሸበሸባል፣ ሲሸበሸብ ጠረጴዛውን ይነካና ጠቅ ይላል። መጀመሪያ ልቤን አልሰጠሁትም። እርጥብ ጨርቅ ሰቀልኩ፣ ማሞቂያውን አጠፋሁ፣ ጠርዙ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። ጠቅ፣ ጠቅ ይልና ዝም ይላል፣ ከዚያ መሐሉ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ሲወርድ ከስሩ ሲጥ የምትል ድምፅ ይወጣል። ሻይ እየጠጣሁ ነበር፣ ብርጭቆውን አስቀመጥኩና ቆጠርኩ። ሁለት አጭር። አንድ ረጅም። ብርጭቆውን አነሣሁ፣ የአየሩ ድርቀት ነው አልኩ።

ያቺ ቀን የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ማዳም ዲና ሥራውን ሊያዩ ወጡ፣ ደረጃው አድክሟቸው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ብራናው ላይ ወድቃለች። ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

"የት ጋ ነበር የተቀደደው?"

"ፈልገው ያግኙት" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ላይ ወጣ፣ ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ስም ነው። የአስካለ ስም። ስትታመምብኝ..."

"ምን አልኩህ? ጭረት እንዳትነካ አላልኩህም?"

"ባዶ ቦታ ነበር፣ ማዳም። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ቦታ..."

"በእናንተ አገር!" ምርኩዛቸውን ወለሉ ላይ መቱት። "ስማ ይርጋ፣" አሉ፣ ፕሮፌሰር ማለቱን ትተው፣ "ያ ቦታ ምን እንደሆነ አባቴ አልነገረኝም። ማንም እንዳይገባበት ብቻ ነው የነገረኝ። አሁኑኑ ፋቀው።"

የእኔን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ያፈርኩት ስለጻፍኩት ሳይሆን አላወቀም ስለተባልኩ ነበር። ብራና ላይ ስሕተት በምላጭ ይፋቃል፣ እኔ የፋቅሁበት ቦታ ላይ ቀለም ነበረ ብሎ የሚያሳይ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ምላጬን አነሣሁ፣ ከመጨረሻዋ ፊደል ጀመርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ብራናው ጠቅ ጠቅ፣ ሲጥ እያለ ነበር፣ ማዳም ዲናም ሰምተውት "አይጥ አለብህ እንዴ?" ብለውኝ ነበር። የመጨረሻዋን ፊደል ፍቄ ትቢያዋን እፍ ስል ድምፁ ቆመ።

ዝም አለ። ሁለታችንም ብራናውን እናያለን፣ መሐሉ እንደተነሣ ቀርቷል፣ አይወርድም። ስልኬ ጮኸ።

"ባባ!" ሲስተር ኖምሳ ናት፣ ትሮጣለች መሰለኝ። "ከጎጎ ጋር ነኝ፣ ድንገት ወረደብን፣ ለምን እንደሆነ አላወቅንም፣ ሰባ... ቆይ፣ ስልኩን አትዝጋ።"

ምላጩን አስቀመጥኩ። ወዲያው ብራናው ወረደ፣ ሲጥ አለ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

"ተመለሰ" አለች ኖምሳ። "አቤት፣ ተመለሰ። መስመር ላይ ቆይ ባባ፣ ዶክተሩን ልጥራ፣ አጠገቧ አስቀምጬልሃለሁ፣ አናግራት።"

ማዳም ዲና ፊታቸው እንደ ኖራ ነጥቷል። "ተወው" አሉኝ በሹክሹክታ። "ይብቃ። እንደሆነ ይሁን፣ ተወው።"

እዚህ ላይ ምነው ብትሉኝ አይከፋኝም። እኔ በሕይወቴ የማላውቀውን ነገር አይቼ አላልፍም፣ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር አጋጣሚ ነው፣ አጋጣሚ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ መድገም ነው፣ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ የደረስኩበት ነው። "አጋጣሚ ነው ማዳም፣ ላሳይዎት" አልኩ። እጄን ያዙኝ፣ አስለቀቅሁ። ምላጩን አንሥቼ ከመጨረሻ ሁለተኛዋን ፊደል ፋቅሁ።

ብራናው ቀጥ አለ። ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ስልክ ውስጥ ማሽን መጮህ ጀመረ፣ አንድ ወጥ፣ የማይቆራረጥ ጩኸት፣ ከዚያ የሚሮጥ እግር፣ "ጎጎ! ጎጎ!" የሚል ድምፅ፣ የብረት ዕቃ ሲወድቅ። ምላጩ ከእጄ ወደቀ፣ መቼ እንደወደቀ አላውቅም። ብራናው ላይ ጎንበስ ብዬ "አስካለ፣ አስካልዬ፣ ተንፍሺ፣ አልነካሽም፣ አልነካሽም" እያልኩ ነበር አሉ፣ ማዳም ዲና ናቸው በኋላ የነገሩኝ፣ እኔ ያልኩትን አላስታውስም። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ጠቅ። ጠቅ። ረጅሙ ተነሣ፣ ወረደ፣ መጨረሻው ላይ ሲጥ አለ፣ ያን ድምፅ ግን የሰማነው ከሁለት ቦታ ነው፣ ከብራናውና ከስልኩ፣ በአንድ ጊዜ፣ አንዱ ከሌላው ሳይቀድም። ማዳም ዲና ሁለቱን በየተራ አዩአቸውና አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ።

አስካለ ከወር በኋላ በእግሯ ቤቷ ገባች። ከስታለች፣ ፀጉሯ ሳስቷል፣ ግን ያቺው አስካለ ናት፣ ገና በሩን ስትከፍት "መኪናዬን ነካካኸዋል አይደል?" አለችኝ። አልነካሁም ነበር። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ ልታስገባ ስትል ግራ እጇን ደጋግማ አየችው። ትንሿ ጣቷና ቀጥላ ያለችው አይሰሙም፣ እንደ እንጨት ሆነዋል። ሐኪሙ በሽታው ነርቭ ይነካል ብሎ ነገራት። ሁለት ፊደል፣ ሁለት ጣት። እናንተም አጋጣሚ ነው በሉኝ፣ እለምናችኋለሁ፣ በሉኝ። እሷ እስከ ዛሬ የምታውቀው የሐኪሙን ነው።

አሁን ችግሩ አውስትራሊያ ያለው የማዳም ዲና ልጅ፣ ዴቪድ፣ ብራናውን ይጠብቃል። ብራናውን ልመልስልዎ አልችልም አልኳቸው ለማዳም ዲና፣ ያለ አንዳች ጉራ፣ አንገቴን ደፍቼ። 

"ልጄ ከስልኩ በስተቀር የሚያነበው ነገር የለም" አሉ በመጨረሻ። "ሌላ ሥራለት።"

ሸምሱ የሚባል የስልጤ ልጅ ዳቬይተን በሚባል ሰፈር ሱቅ አለው፣ አረፋ ሰሞን ደወልኩለት።

"የፍየል ቆዳ ፈልጌ ነበር።"

"ሥጋውን ትተህ ቆዳውን? ጋሼ፣ ኮሮናው ጭንቅላትህ ላይ ወጣ እንዴ?" አለኝ፣ ግን ሁለት ላከልኝ። ጣሪያው ላይ ወጥሬ ፋቅሁት፣ ጎረቤት ሁሉ ሸተተን ብሎ ተሰለፈብኝ፣ ማዳም ዲና ወጥተው "የሞተ አይጥ ነው" ብለው መለሱልኝ። አራት ወር ፈጀብኝ፣ እብራይስጡን ሳላነበው ፊደል በፊደል ገለበጥኩት፣ በሻይና በጭስ አስረጀሁት። አሥራ አንደኛዋን ክብ በነጠብጣብ ከበብኳት፣ ባዶዋን ተውኳት። ሁለቱ እንዳይምታቱብኝም በአዲሱ ጀርባ፣ በታችኛው ጥግ፣ በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ወጋሁ፣ ይህን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም። ሁለቱን ጎን ለጎን ስዘረጋቸው ማዳም ዲና መለየት አቃታቸው። ዋናውን እርጥብ ጨርቅ ከጎኑ አድርጌ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ዘጋሁት፣ አልጋችን ሥር አስገባሁት።

"ከአልጋው ሥር ጠቅ ጠቅ የሚለው ምንድን ነው?" ትለኛለች አስካለ።

"የሕንፃው ቧንቧ ነው" እላታለሁ።

ማዳም ዲና በጥር አረፉ፣ ሁለተኛው ማዕበል ወሰዳቸው፣ እሳቸውን ያወረዷቸውም በደረጃ ነው። መልእክተኛ መጥቶ ቱቦውን ከእኔ ተቀበለ፣ ሦስቱን ቀዳዳ ሁለት ጊዜ በጣቴ ዳስሼ ነው የሰጠሁት።

ባለፈው ሐሙስ ዴቪድ በዋትሳፕ ጻፈልኝ። ደርሶኛል፣ ያምራል፣ እናቴ ስለ እጅህ የምትለው እውነት ነበር ይላል። ቀጥሎ ፎቶ አለ። "አንድ ጥያቄ ብቻ፣ በነጠብጣቡ ክብ ውስጥ ያለው ጽሑፍ ምንድን ነው? እብራይስጥ አይደለም።"

ፎቶውን በጣቴ ለጥጬ አየሁት። "ወለተ ሚካ"፣ ከዚያ የተፋቀ ቦታ። የእኔ እጅ ጽሑፍ፣ የእኔ ምላጭ ጭረት።

አሳስቼ ዋናውን ልኬ ይሆናል ትሉ ይሆናል፣ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነው። ጀርባውን ገልብጠህ የታችኛውን ጥግ ፎቶ አንሣልኝ አልኩት። አነሣልኝ። ሦስት ቀዳዳ። አልጋው ሥር ያለውን ሣጥን ግን አልከፈትኩትም፣ እጄን ክዳኑ ላይ አድርጌ ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ከሐሙስ ወዲህ ቧንቧው ዝም ብሏል።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ጻፈ። "ለማንኛውም ከሥዕሉ ጋር ስለማይሄድ ጎበዝ አዳሽ አግኝቻለሁ፣ ሰኞ ጠዋት ያጠፋልኛል።" ያኔ በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ፣ ሁሉንም ጻፍኩለት፣ ስሙን፣ ምላጩን፣ ጣቶቿን፣ ቅጂውን፣ አላውቅም የሚለውን ቃል ስንቴ እንደጻፍኩ አልቆጠርኩም፣ አትንካው፣ በእናትህ አትንካው አልኩት። መልእክቱ ደርሶታል፣ ሁለቱ ምልክቶች ወጥተዋል፣ ግን እስካሁን ሰማያዊ አልሆኑም። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ይቆማል።

ይህን የምጽፍላችሁ እሑድ ወደ ማታ ነው፣ አስካለ በስምንት ጣቷ ከወዲያኛው ክፍል ትሰፋለች፣ የመኪናዋን ድምፅ እየሰማሁ ነው የምጽፈው። የእኛ ሰኞ ገና ነው። የአውስትራሊያ ሰኞ ግን ከእኛ ቀድሞ ይነጋል።

መኪናው ቆመ። ክር አልቆባት ይሆናል።